አሥራ አራቱ ረድፎች ለምን ታጠፉ?

«ለምን?» ተብሎ ሲጠየቅ «ሕግ ነው» ብሎ የሚመልስ ሰው ሳይ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። ሰውን ስለምጠላ አይደለም። ያችን ቃል እኔው ራሴ በአንድ ትልቅ ሰው ላይ ተናግሬያት፣ በሁለት ሳምንቷ ዞራ እኔው ላይ ስለመጣች ነው። ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ነው። ዋናው ነገር ከአንድ ቀን ብዙም አልበለጠም። ስነግራችሁ ሳቅ ይመጣባችሁ ይሆናል፤ ሳቁ፣ ግድ የለም። እኔ ግን ያኔ አልሳቅኩም።

ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ፤ ብርድ ነው ያሳደገኝ። የፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ ሸዋ ሮቢት ስመደብ ሙቀቱ ሊገድለኝ ደረሰ። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ላቤ በክንዴ ወርዶ የጻፍኩትን ያጠፋዋል። ትንኙ ሌላ፣ ወባው ሌላ። ጠዋት ተናድጄ እነሳለሁ፣ ማታ ተናድጄ እተኛለሁ። በመሃል ደግሞ አስተምራለሁ።

ቀን ቀን ልጆችን፣ ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ደግሞ ጎልማሶችን ነበር የማስተምረው። ከጎልማሶቹ አንዱ ጋሽ ሰይድ ናቸው። የዚያው አካባቢ፣ የቀወት ገበሬ፣ የሁለት በሬ ጌታ፣ ሃምሳን የተሻገሩ ሰው። በንጉሡ ጊዜ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርታቸውን አቋርጠው ነበርና አሁን ዘጠነኛን ጀምረዋል። እርሻ ውለው፣ ሽርጣቸውን ቀይረው፣ ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ይመጣሉ። አንድም ቀን አርፍደው አያውቁም። ችግራቸው አንድ ነው፤ ይጠይቃሉ።

የዚያን ቀን ትምህርቱ ሪፍራክሽን ነበር፤ የብርሃን መሰበር። ብርጭቆ ውሃ ሞልቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርኩና እርሳስ በሰያፍ ከተትኩበት። እርሳሱ ውሃው አፍ ላይ ስብር ብሎ ታየ። «ብርሃን ከአየር ወደ ውሃ፣ ወይም ከውሃ ወደ አየር በሰያፍ ሲያልፍ አቅጣጫውን ይቀይራል» አልኩና የመጽሐፉን ሥዕል ሰሌዳው ላይ ገለበጥኩት። ጋሽ ሰይድ እጃቸውን አወጡ።

«መምህር፣ መሰበሩንስ አየነው። እኔም መስኖ ስመራ የአካፋዬን እጀታ ሁልጊዜ እንዲያ ሆኖ አየዋለሁ። ስለምን ይሰበራል?»

«ከአንዱ ነገር ወደ ሌላው ስለሚገባ።»

«መግባቱንማ ነገሩን። ሲገባ ስለምን ይዞራል? ማን ገፋው?»

«ማንም አልገፋውም።»

«ታዲያ ስለምን?»

እውነቱን ልናገርና፣ መልሱን አላውቀውም ነበር። ቀመሩን በቃሌ እወጣዋለሁ፤ ፈተናም አልፌበታለሁ። ለምን እንደሆነ ግን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም ራሴን ጠይቄ አላውቅም። ላቤ ይወርዳል፣ ክፍሉ በሙሉ አፌን ያያል። ተናደድኩ።

«ሕግ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «የተፈጥሮ ሕግ ነው። አለቀ!»

«ሕግማ ይሁን። ግን ሕግም ምክንያት አለው እኮ፣ መምህር—»

«ጋሽ ሰይድ! ወይ ይቀበሉ፣ ወይ ይውጡልኝ!»

አባቴ የሚሆኑ ሰው። ደብተራቸውን ቀስ ብለው ፌስታሉ ውስጥ ከተቱና «እሺ መምህር» ብለው ወጡ። በማግስቱ አልመጡም። በሳምንቱም አልመጡም። እኔም፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ እፎይ አልኩ።

ሁለት ሳምንት አለፈና የሠራተኞች ቀን ሰልፍ ደረሰ። የስፖርት አስተማሪውን ወባ ጣለው፤ ተማሪ የማሰለፉ ጣጣ እኔ ራስ ላይ ወደቀ። «ፊዚክስና ሰልፍ ምን አገናኛቸው?» ብዬ ብጮህ ማን ሊሰማኝ! አዘጋጀኋቸው። አሥራ አራት ረድፍ፣ በየረድፉ አሥራ ሁለት ተማሪ፣ ክንድ ለክንድ ተቆላልፈው በከበሮ ይራመዳሉ። ጠጠር ከፈሰሰበት የመኪና ማቆሚያ ይነሱና ቀጥ ብለው ኳስ ሜዳው ውስጥ ይገባሉ። የእንግዶቹ መድረክ ሜዳው ውስጥ በስተቀኝ ነው። እዚያ ሲደርሱ ፊታቸውን ወደ ቀኝ አዙረው መፈክር ያሰማሉ። አለቀ።

አንድ ነገር ያዙልኝ። ጠጠሩ አልቆ ሜዳው የሚጀምርበት ጠርዝ ሰያፍ ነው። ስለዚህ ከአንድ ረድፍ በግራ ጫፍ ያለው ተማሪ ቀድሞ ሜዳው ውስጥ ይገባል፤ በቀኝ ጫፍ ያለው የሚገባው ከሁሉ መጨረሻ ነው።

አምስት ቀን ተለማመድን፤ እንደ ክር ቀጥ አሉ። በዋዜማው ሌሊት ግን የበልግ ዝናብ ወረደ። ያ ሜዳ ደግሞ ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲርስ ማጥ። ጠዋት ሳየው ልቤ ቢደነግጥም «ጫማቸው ቢቆሽሽ ነው» አልኩና ተውኩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ?

ከበሮው ተመታ። የመጀመሪያው ረድፍ ጠጠሩን እየረገጠ ግር ግር እያለ መጣ። ጠርዙ ላይ ደረሰ። ገባ። ከዚያ ዓይኔ እያየ ወደ ግራ ታጠፈ። ሁለተኛው ረድፍ እዚያው ቦታ ደረሰና እሱም ወደ ግራ ታጠፈ። ሦስተኛው፣ አራተኛው... «ኧረ ቀጥ በሉ!» እያልኩ በጎን ሮጥኩ። ማን ይሰማል? ከበሮው ያንኑ ምት ይደልቃል፤ ረድፎቹ ግን ተጠጋግተው አንዱ የሌላውን ተረከዝ ይረግጣል። አሥራ አራቱም ታጥፈው፣ ለመድረኩ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ከሜዳው ማዶ ካለው የትምህርት ቤቱ ሽንት ቤት ፊት ለፊት ቆሙና በአንድ ድምፅ «ሠርቶ አደሩ ለዘላለም ይኑር!» አሉ።

ለሽንት ቤት! ከአውራጃ የመጡት እንግዶች መነጽራቸውን አወለቁ። ከሕዝቡ መሃል አንድ ሰው ሊስቅ ጀመረና ዋጠው። እኔ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እኩለ ቀን ላይ የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ነበርኩ። ካድሬው ጓድ በላቸው ይባላል፤ ትልቅ፣ ድምፁ ወፍራም ሰው። ሲጮህ አያስፈራም፤ ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ነው።

«ማን አዘዛቸው?» አለኝ ዝቅ አድርጎ።

«ማንም አላዘዛቸውም፣ ጓድ።»

«አንድ ረድፍ ቢታጠፍ ስህተት እለዋለሁ። ሁለት ቢታጠፍ አጋጣሚ እለዋለሁ። አሥራ አራት ረድፍ አንድ ቦታ ላይ፣ ወደ አንድ ጎን፣ እኩል ከታጠፈ ግን ታዟል ማለት ነው። ማነው ያዘዘው?»

የሚያበሽቀው ነገር፣ ሰውዬው የተናገረው ስህተት አልነበረበትም። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንዲያው ነበር የምለው።

«ጭቃው ነው» አልኩ።

«ጭቃ ያዘገያል እንጂ ያዞራል? እኔም ጭቃ ረግጬ አውቃለሁ። ቀስ እላለሁ፤ አልዞርም። ለምን ዞሩ?»

«እንዲሁ... እንዲሁ ነው የሚሆነው።»

«እንዲሁ የሚባል ነገር የለም! ለአብዮቱ ጀርባ መስጠት እንዲሁ አይሆንም! ለምን?»

ለዚያ ሁሉ ተማሪ ፊዚክስ የማስተምር ሰውዬ ጫማዬ ላይ የደረቀውን ጭቃ አየሁ።

«እስከ ነገ አራት ሰዓት ምክንያቱን ጽፈህ ታቀርባለህ» አለ። «ካላቀረብክ አሻጥር ነው ብዬ ወደ አውራጃ እልክሃለሁ።»

ወደ አውራጃ መላክ ምን ማለት እንደሆነ የዘመኑ ሰው ያውቃል። በዓመቱ መጀመሪያ አንድ አስተማሪ ባልደረባችን ተልኮ ነበር። በወሩ አልጋውን ለእኔ ሰጡኝ። እስከዚያ ቀን የምተኛው እሱ ላይ ነበር።

የቀበሌው ስኳር የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ቆለፉብኝ። ጆንያ ላይ ተቀምጬ መጻፍ ጀመርኩ። «በዝናቡ ምክንያት...» ቀደድኩት። «በተማሪዎቹ ድካም...» ቀደድኩት። «ጭቃ ያዘገያል እንጂ ያዞራል?» የሚለው ድምፅ ጆሮዬ ላይ ይደውላል። ጉንዳኑ ለስኳሩ መጥቶ እኔን ይነክሳል። ሙቀቱ፣ ኧረ በእመቤቴ! አምላክን፣ ስፖርት አስተማሪውን፣ ወባውንም ሳይቀር ረገምኩ።

ታሳሪ ስንቅ የሚያመጣለት ዘመድ ከሌለው ጦሙን ያድራል። እኔ ደግሞ በዚያ አገር ዘመድ የለኝም። አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ግን ጠባቂው በሩን ከፈተና «ስንቅ መጥቶልሃል» አለኝ። ቀና ስል ጋሽ ሰይድ ናቸው፤ በዚያው ፌስታላቸው ሳህን ቋጥረው።

የምገባበት ጠፋኝ።

«እንደምን ዋሉ መምህር» አሉ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። «የማሽላ እንጀራ በሽሮ ነው። ሥጋ አላመጣሁም፤ የእስላም ሥጋ እንደማይበሉ አውቃለሁ። ብሉ እንጂ።»

«ጋሽ ሰይድ፣ እኔ እኮ እርስዎን...»

«መጀመሪያ ብሉ። የተራበ ሰው ይቅርታው አይጣፍጥም።»

ጠባቂው የመንደራቸው ልጅ ስለነበር በሩ ላይ ተቀመጠና ተዋቸው። እየበላሁ ብሶቴን ዘረገፍኩት። ረድፎቹን፣ ጠርዙን፣ ሽንት ቤቱን። ሽንት ቤቱ ላይ ስደርስ በሽርጣቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

«አይሳቁብኝ! ነገ ሊልኩኝ ነው እኮ! ጭቃ ያዘገያል እንጂ ለምን ያዞራል ነው የሚለኝ፤ ምን ልበለው?»

«ወላሂ፣ ይኼንንማ የእኔ በሬዎች ያውቁታል» አሉ።

«በሬ?»

«ዳልቻና ቡሬን ጠምጄ ከደረቁ መሬት ውሃ ወደ ጠጣው መደብ በሰያፍ ስገባ፣ ዳልቻ በግራ ነው፣ ቀድሞ ጭቃው ይይዘዋል። ቀስ ይላል። ቡሬ ግን ገና ደረቁ ላይ ነው፤ እንደ ልቡ ይሄዳል። ሁለቱ በአንድ ቀንበር ታስረዋል። ያኛው ዘግይቶ ይኼኛው ከፈጠነ ቀንበሩ ምን ይሆናል?»

«ወደ... ዘገየው ወደ ዳልቻ ይዞራል።»

«ይዞራል። ሁለቱም ጭቃው ውስጥ ሲገቡ እኩል ይዘገዩና በዞሩበት ቀጥ ብለው ይሄዳሉ። ማንም አላዘዛቸውም። ካድሬዎ ብቻውን ስለሚሄድ አይዞርም። ክንድ ለክንድ የታሰረ ነው የሚዞረው።»

እንጀራው እጄ ላይ ቀረ። መጽሐፉ ላይ አንድ ገጽ አለ፤ «ብርሃን በአየር ውስጥ ካለው ፍጥነት ይልቅ በውሃ ውስጥ ያለው ያንሳል» ይላል። ከዚያ ሌላ ገጽ አለ፤ «ወደ ውሃ በሰያፍ ሲገባ ይታጠፋል» ይላል። ሁለቱንም ገጽ ለሁለት ዓመት አስተምሬያለሁ። አንድም ቀን አንዱን ገጽ ከሌላው ጋር አገናኝቼው አላውቅም! እዚያው ጆንያ ላይ ራሴን በጥፊ መታሁት።

«ምነው? ምን ነካዎት?» አሉ ደንግጠው።

«ጋሽ ሰይድ፣ ያ የጠየቁኝ! እርሳሱ! ብርሃንም እንደ ሰልፍ ነው፤ እንደ አንድ ክር ሳይሆን ወርድ ይዞ፣ ረድፍ ረድፍ ሆኖ ነው የሚመጣው። አንዱ ጫፍ ቀድሞ ውሃው ውስጥ ይገባል፣ ይዘገያል፤ ሌላው ጫፍ ገና አየር ላይ ነው፣ ይፈጥናል። ረድፉ ይዞራል!»

ጋሽ ሰይድ ጣታቸውን ስኳር አስነክተው ወለሉ ላይ ጠርዙን ሣሉ።

«ከበሮውስ ቀነሰ?»

«አልቀነሰም። ምቱ ያው ነው። እርምጃቸው ግን አጠረ፤ ለዚህ ነው ረድፎቹ የተጠጋጉት።»

«ቀጥ ብሎ፣ ሳያጋድል ቢገባስ?»

«ሁለቱም በሬዎች እኩል ይገባሉ...»

«ስለዚህ ይዘገያል እንጂ አይዞርም!» አሉና ጉልበታቸውን መቱ። እውነትም መጽሐፉ እንዲያው ነው የሚለው፤ ብርሃን ቀጥ ብሎ ከገባ አይታጠፍም። እኔ ሳልነግራቸው አገኙት። ደስታቸውን ሳይ ዕንባዬ መጣ። ይህን ሰው ነበር ከክፍል ያባረርኩት።

ጠዋት ጽሑፌን አቀረብኩ። ጓድ በላቸው አነበበና ፊቱ ቀላ።

«በሬ? የአብዮቱን ሰልፍ በሬ አበላሸው ትለኛለህ?»

«ይሞክሩት» አልኩ። ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። «ሜዳው ገና አልደረቀም። እኔ የማላውቃቸውን፣ እርስዎ የመረጧቸውን ታጣቂዎች ያሰልፉ። ከበሮ ይመታላቸው። ቀጥ ካሉ አውራጃ ይላኩኝ።»

አሥራ አንድ ታጣቂ ጠራ። አሥራ ሁለተኛው ማን ሆነ መሰላችሁ? እሱ ራሱ! «አሻጥር እንዳይኖር እኔ ቀኝ ጫፍ እይዛለሁ። ቀጥ አደርጋቸዋለሁ» ብሎ ክንዱን ቆለፈ። መድረኩ አልፈረሰም፤ የመሪዎቹ ሥዕሎችም በላዩ እንደተሰቀሉ ናቸው። ጋሽ ሰይድ ከሕዝቡ ጋር ዳር ቆመዋል። ከበሮው ጀመረ።

ጠጠሩን እየፈጩ መጡ። በግራ ጫፍ ያለው ገባና እግሩ ሰመጠ። ከዚያ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው። ጓድ በላቸው ደረቁ ላይ በትልቁ እየተራመደ «ቀጥ! ቀጥ በል! ቀጥ!» ይላል። ቀጥ ማለት የት አለ! ራሱ እየፈጠነ፣ ረድፉን ራሱ እየገፋ አዞረው። ጭቃው ውስጥ ገብቶ አንድ ጫማው ሲቀርበት ቆመና ቀና አለ። ከፊቱ ሽንት ቤቱ ነው። መድረኩና ሥዕሎቹ ከኋላው ናቸው።

ማንም አልሳቀም። እሱም ዞሮ ሥዕሎቹን አየ፣ ሽንት ቤቱን አየ፣ እኔን አየ። በዚያች ደቂቃ የፈራሁትን ያህል በሕይወቴ ፈርቼ አላውቅም። ሰው ካፈረ በኋላ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅማ።

ጽሑፌን ከኪሱ አወጣ። በብዕሩ «በሬ» የሚለውን ሰርዞ «የመሬቱ ሁኔታ» ብሎ ጻፈበት። ፈረመበት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሂድ። ስለዚህ ነገር አንድ ሰው ሲያወራ ብሰማ...» አለና ሳይጨርሰው ጫማውን ሊያወጣ ጎንበስ አለ።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ቤቴ አልሄድኩም። ጋሽ ሰይድን ተከትዬ ማሳቸው ድረስ ሄድኩ። መስኖው ውስጥ ገብተው አካፋቸውን ተደግፈው ቆሙ። እጀታው ውሃው አፍ ላይ ተሰብሮ ይታያል።

«ጋሽ ሰይድ፣ አጥፍቻለሁ። ይቅር ይበሉኝና ወደ ክፍል ይመለሱ» አልኩ።

«ይቅርታስ ይቅር ብያለሁ። አንድ ነገር ግን ሌሊቱን እንቅልፍ ነሳኝ» አሉ። «ጭቃ እግርን ይይዛል፤ ለዚህ ነው በሬው የሚዘገየው። ብርሃን እግር የለው። ውሃው በምኑ ይዞ ነው የሚያዘገየው?»

አቤት! ያ የድሮ ንዴቴ ከሆዴ ሲነሳ ተሰማኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም፣ ጉንዳን በልቶኛል፣ ከሞት ነው የተረፍኩት፣ እኚህ ሰው ደግሞ! «ሕግ ነው» የምትለዋ ቃል ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰች። ዋጥኳት።

«አላውቅም፣ ጋሽ ሰይድ» አልኩ።

አስተማሪ ከሆንኩ ጀምሮ ለተማሪ «አላውቅም» ስል ያ የመጀመሪያዬ ነበር። ጋሽ ሰይድ አካፋቸውን ከውሃው አወጡ፤ እጀታው ቀጥ ብሎ ወጣ።

«እንዲያ ከሆነ ነገ እመጣለሁ» አሉ።

መጡም። ያችን ጥያቄ ለመመለስ ከአዲስ አበባ መጽሐፍ አስመጥቼ አንድ ክረምት ሙሉ ተጨቃጨቅንባት። ገሚሷ ተመለሰች፣ ገሚሷ እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለች። በዓመቱ ሰልፍም ጓድ በላቸው፣ ማንንም ሳያማክር፣ ተማሪዎቹ ሜዳውን ቀጥ ብለው በሚገቡበት በኩል እንዲመጡ አዘዘ። ከየት እንደተማረው አልተናገረም፤ እኛም አልጠየቅነውም።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት አስተምሬያለሁ። ሪፍራክሽን ስደርስ ብርጭቆና እርሳሱን ካሳየሁ በኋላ ተማሪዎቼን ክንድ ለክንድ አቆላልፌ ጭቃ ውስጥ እከታቸው ነበር። «ቲቸር፣ ጫማችን ተበላሸ» ይላሉ። ይበላሽ! ወላጆች ርዕሰ መምህሩ ድረስ ከሰውኛል። ይክሰሱ! እናንተም ልጃችሁ፣ ሠራተኛችሁ፣ ተማሪያችሁ «ለምን?» ሲላችሁ ደማችሁ ቢፈላ አይገርመኝም፤ የእኔም ይፈላል። ግን የማታውቁት ከሆነ አላውቅም በሉ። እኔ ያችን ቃል ለመማር አንድ ሌሊት ከጉንዳን ጋር ስኳር ጆንያ ላይ ማደር ነበረብኝ፤ እናንተ እንኳ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ተማሯት።